ሽኝት ያልነበረው ረቡዕ

«ረቡዕ ሁላችንም ሥራ ዘግተን ወጣ ብለን እንውላለን» አልኳቸው።

ጋሽ ሁሴኖ የመስክ ጫማቸውን ከደጁ ድንጋይ ጋር እያጋጩ አቧራውን ያራግፉ ነበር። እጃቸውን ገታ አድርገው ቀና ብለው አዩኝ።

«አመሰግናለሁ ልጄ» አሉ። «ባትቸገሪ ይሻል ነበር።»

ስለ ምን እንዳመሰገኑኝ አልገባኝም። «ምን ችግር አለው? ካሣዬ መኪናውን ያዘጋጃል። ሁሩታ ነው የምንሄደው፤ ሠርቶ ማሳያው ጋ።»

«ሁሩታ ጥሩ ነው። ንግግር ግን አላደርግም፣ አደራ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልወድም።»

«እኔም አልወድም» አልኩ ከልቤ።

«አንቺማ ግድሽ ነው። አለቃ አይደለሽ? ሁለት ቃል ትያለሽ፣ ይጨበጨባል፣ ይበላል፣ አለቀ። የምዛወርበት ጎበሳም ቢሆን ሩቅ አይደለም። እየመጣሁ እጠይቃችኋለሁ።»

ያኔ ገባኝ። ሽኝታቸው መስሏቸዋል።

«አይ ጋሽ ሁሴኖ! ሽኝት አይደለም። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ?»

«እንዲሁ አብረን እንድንውል። እንድንነጋገር።»

«ለመነጋገር ሁሩታ ድረስ?» ሳቁ። «እዚህ ማን ከለከለን?»

 ዝም ስል እሳቸው ዝምታዬን በራሳቸው መንገድ ተረጎሙት። ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገው «እሺ፣ እሺ። ምንም አልሰማሁም» ብለው ወደ መጋዘኑ ሄዱ።

አልፈርድባቸውም። በእኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አንድ ላይ ሆኖ ከግቢ የሚወጣው ለቅሶ ሲኖር፣ ሠርግ ሲኖር ወይም ሰው ሲሸኝ ነው። እንዲሁ መውጣት የሚባል ነገር የለም።

መሥሪያ ቤታችን አሰላ ያለ የገበሬዎች ዩኒየን ነው። የእኛ ክፍል ገበሬዎች ለዘር ብለው የሚያበዙትን ስንዴና ገብስ ጥራት ይከታተላል። ጋሽ ሁሴኖና ኤፊ ማሳ ለማሳ እየዞሩ ሰብሉን ያያሉ። እትዬ ተናኘወርቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ዘሩን ይመረምራሉ። ካሣዬ ይነዳል። እኔ ደግሞ ካለፈው ክረምት ጀምሮ እመራቸዋለሁ። ከኤፊ በቀር ሁሉም በዕድሜ ይበልጡኛል።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሁሴኖ ጎበሳ ወዳለው ቅርንጫፍ መጋዘን ልዛወር ብለው ጠይቀው ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረ መድህን አስጠሩኝና «ፈይሩዛ፣ ክፍሉ ያንቺ ነው። ይሂድ ካልሽ ይሄዳል፣ ይቅር ካልሽ ይቀራል። ሐሙስ ጠዋት ንገሪኝ» አሉኝ።

ማስቀረት እችል ነበር። ግን በግድ የቀረ ሰው በየማሳው ሲዞር ምን ዓይነት ዓይን ይኖረዋል? ደግሞ እሳቸው ከሄዱ ገበሬዎቹ በስም የሚያውቁት ሰው ከመካከላችን አይቀርም። ከሁሉ በላይ ለምን እንደሚሄዱ ማወቅ ፈለግኩ። ስጠይቃቸው «ለጤናዬ ነው። የጎበሳ አየር ይስማማኛል» አሉኝ። የጎበሳ ብርድ ከአሰላ ብርድ ያን ያህል አይለይም። በልቤ የጠረጠርኩት ከእኔ ለመራቅ እንደሆነ ነበር።

ሌላም ማወቅ የምፈልገው ነገር ነበረ። ስብሰባ ላይ ማንም አይናገርም። የጻፍኩትን አነባለሁ፣ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» እላለሁ፣ ወለሉን ያያሉ፣ ይወጣሉ። በሩ እንደተዘጋ ኮሪደሩ ላይ የሞቀ ወሬ ይጀመራል። እኔ ብቅ ስል ይቆማል። ኮሪደሩ ላይ ምን እንደሚባል ለማወቅ የነበረኝ ጉጉት ደመወዜን ቢያስከፍለኝ የምከፍል ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ከቢሮ ወጥቶ መዋልን ያሰብኩት ለዚህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ብዙ አነበብኩ። አንዱ ገጽ ዓይን ሸፍኖ ወደ ኋላ መውደቅንና ባልደረባ እስኪይዝ መጠበቅን ይመክራል። እትዬ ተናኘወርቅ ወደ ኋላ ሲወድቁና ካሣዬ ሲይዛቸው አሰብኩና ተውኩት። ሌላው ደግሞ ከደረቅ ፓስታ ረጅም ማማ መሥራት ጥሩ ነው ይላል። ይኼ ማንንም አያሳፍርም ብዬ ፓስታና ፕላስተር ገዛሁ። ሁሉም ገጾች የሚስማሙበት አንድ ምክር ነበር፤ መሪው ከዚያ ቀን አንድ ነገር ብቻ ለይቶ ይፈልግ። የእኔ አንድ ነገር ግልጽ ነበር፤ ጋሽ ሁሴኖ ለምን ይሄዳሉ?

ቀኑንም በከንቱ አልመረጥኩም። ዓርብ ለእኔና ለጋሽ ሁሴኖ ጁምዓ አለ። በሌላ ቀን ከሆነ ሥጋ ይመጣል። ሥጋ ከመጣ የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ ትሪው ሁለት ይሆናል። ትሪው ሁለት ከሆነ ሰዉም ሁለት ቦታ ይቀመጣል። ረቡዕ ግን እነ እትዬ ተናኘወርቅ ይጾማሉ። ምግቡ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ከሆነ ሁሉም ካንድ ትሪ ይበላል። በዚህ ሐሳቤ ኮርቼ ነበር።

ላቦራቶሪ ሄጄ ለእትዬ ተናኘወርቅ ስነግራቸው ከማጉያ መነጽራቸው ላይ ሳይነሡ ሰሙኝ።

«ረቡዕን ማን መረጠው?»

«እኔ።»

«ጎበዝ። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንደማልቀምስ ታውቂያለሽ አይደል?»

አላውቅም ነበር። «እንጠብቅዎታለን» አልኩ።

«ኤፊን? እስከ ዘጠኝ?» ቀና አሉ። «እሱ ከጾመማ እኔ እመነኩሳለሁ።»

«ይጠብቃል።»

«እናያለን። ለማንኛውም እኛም የራሳችን ዝግጅት አለን።»

«ምን ዝግጅት?»

«አንቺ ያንቺን አዘጋጂ» አሉና ወደ ዘራቸው ተመለሱ።

ረቡዕ ጠዋት ጭላሎ ጫፉ ድረስ ጠርቶ ይታይ ነበር። የጥር ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ጋሽ ሁሴኖ ለሠርግ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው መጡ። ኤፊ አንድ ትልቅ ጥቅልል በሹራቡ ሸፍኖ ከኋላ ወንበር ሥር ከተተ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው «የብርድ ነው» አለኝ።

ጋሽ ሁሴኖ እንደ ልማዳቸው ከፊት ተቀመጡ። ከከተማ እንደወጣን ካሣዬ ጀመረ። «ጋሼ፣ ጎበሳ ሲሄዱ ከጎኔ ተቀምጦ ፍጥነት ቀንስ የሚለኝ ማን ነው?»

«ትራፊኩ ይልሃል። እሱ ደግሞ በነጻ አይልህም።»

«እትዬ ተናኜ ይቀመጡ ከተባለ እኔም ዝውውር እጠይቃለሁ።»

«አንተን ማን ይፈልግሃል?» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ ከኋላ።

«ጋሽ ሁሴኖ ገና አልሄዱም እኮ» አልኩ። ድምፄን የሞተሩ ጩኸት ዋጠው።

«ምን አልሽ?» አለ ኤፊ።

«ምንም።»

ድጋሚ ማለት ነበረብኝ። ግን አንዴ ያልተሰማ ነገር ጮክ ብዬ መድገም ለእኔ ከባድ ነው።

ሠርቶ ማሳያው ከሁሩታ ወጣ ብሎ ያለ፣ አዳዲስ የዘር ዓይነቶች የሚሞከሩበት መሬት ነው። ሰብሉ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቶ ነበር። ከማሳው ዳር ትልቅ ዝግባ አለ። ከሥሩ ሰሌን አነጠፍን፣ ምግቡን በጥላው አስቀመጥን። ወረቀቴን አወጣሁና «የዕለቱ ፕሮግራም» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ወረቀቱን ሳወጣ ያየሁትን አልረሳም። ካሣዬ ጋደም ብሎ ነበር፤ ተነሥቶ ተቀመጠ። ኤፊ ሞባይሉን ኪሱ ከተተ። ጋሽ ሁሴኖ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ሜዳ ላይ ሆነን የስብሰባ አዳራሽ ገባን።

ፓስታውን አከፋፈልኩ። ጋሽ ሁሴኖና ካሣዬ ባንድ ወገን፣ እትዬ ተናኘወርቅና ኤፊ በሌላ ወገን።

ጋሽ ሁሴኖ ፓስታውን አገላብጠው አዩት። «ይኼ ጥሬ ነው።»

«አዎ። ማማ ይሠራበታል።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የለም ተብለን በምግብ ማማ እንሥራ?»

«አሁን እኔ ልለው ስል ቀደሙኝ» አለ ኤፊ። አንዱን ሰብሮ አፉ ውስጥ ከተተ።

«ብላ፣ ብላ» አሉት እትዬ ተናኘወርቅ። «ለአንተ ጾሙ መቼ ገብቶ ያውቃል?»

ተሣሣቅን። ማማዎቹ እስከ ጉልበት ከፍ ሲሉ ነፋስ መጣና ሁለቱንም ጣላቸው። ካሣዬ «ገለባ ይሻል ነበር» አለ።  ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፍኩ። ጥያቄው «በሥራችን ላይ ምን ቢሻሻል ትላላችሁ?» የሚል ነበር። ካነበብኳቸው ገጾች አንዱ መሪው ሐሳቡን ቀድሞ ቢያስቀምጥ ሌላው ይደፍራል ስለሚል፣ መጀመሪያ የራሴን ሐሳብ አነበብኩ። የናሙና ከረጢቶች በቀለም ቢለዩ ጥሩ ነው የሚል ነበር። አንብቤ ስጨርስ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» አልኩ።

ከዝግባው ላይ ወፍ ተነሥታ ስትበር ሁሉም ወደሷ አዩ።

«ጥሩ ነው» አለ ኤፊ። «በቀለም ይለይ።»

በዚህ መሐል እትዬ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እንግዲህ ፕሮግራሙ ካለቀ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ኤፊ፣ አምጣው።»

ኤፊ ጥቅልሉን አመጣ። ሹራቡን ሲገልጠው ውስጡ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ጋቢ ነበር። ካሣዬ ማጨብጨብ ጀመረ።

«ሽኝት አይደለም» የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጣ። ጋሽ ሁሴኖን አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ። ግን እትዬ ተናኘወርቅ ጀምረው ነበር።

«ሁሴኖ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ከአንተ ጋር እንደተጣላሁ ከባለቤቴ ጋር አልተጣላሁም» አሉ። «አንተ ያመጣኸው ናሙና ጥሩ ካልሆነ ሚዛኔን ትሰድባለህ፤ እኔም ዓይንህን እሰድባለሁ። ይኼ ደስ ይለኝ ነበር። ከመከር በኋላ ግን የዴራ ገበሬዎችን ስንዴ ለዘር አይሆንም ብዬ ስመልስብህ አንድ ቃል አልተናገርክም። ከረጢቱን ይዘህ ወጣህ። ያን ቀን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እቤቴ ገብቼ ምን አድርጌው ነው እያልኩ አሰብኩ።»

እትዬ ተናኘወርቅ ይህን ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር መናገር እንደሚችሉም አላውቅም ነበር። የያዝኩትን ወረቀት አጥፌ ከጉልበቴ ሥር አደረግኩት። ማስቆም ነበረብኝ፤ አላስቆምኩም። ኮሪደሩ ላይ የሚወራው እፊቴ ተከፍቶ ነበርና ልዘጋው አልቻልኩም።

ልማዱ እንደሆነ ሽኝት ላይ ሁሉም ይናገራል። ኤፊ ተነሣ።

«እኔ ሥራ የለመድኩት ከጋሼ ነው። ማሳ መሐል ስገባ ከዳር ሆነው 'ስንዴው አይነክስህም፣ ግባ' ይሉኛል።» ቆመ። «አንድ ነገር ልናገር፣ አይቆጡኝ። ባለፈው የገበያ ቀን አሰላ መናኸሪያው አጠገብ አብረን ነበርን። አንዲት የዴራ እናት 'ሁሴኖ! ሁሴኖ!' እያሉ ተጣሩ። ጋሼ ሰምተዋል። መንገድ ተሻግረው ሄዱ። እሳቸው እንኳን ከገበሬ ከገበሬ ውሻም አይሸሹም ነበር። ዝውውሩን የሰማሁ ቀን እሱ ነው ትዝ ያለኝ።»

ጭብጨባ አልነበረም። እትዬ ተናኘወርቅ ጋቢውን በጋሽ ሁሴኖ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። ጋሽ ሁሴኖ ጫፉን ይዘው ለጥቂት ጊዜ ጥለቱን አዩ።

«አልናገርም ብዬ ነበር» አሉ። «ይኼ ልጅ ካነሣው ግን ልናገር። የተጣሩት አዴ ፋጡ ናቸው። ስንዴያቸው ውስጥ ያ አረም፣ ሲናር፣ ገብቶ ነበር። የእሳቸው ብቻም አይደለም፤ የጎረቤቶቻቸውም። ሲናር እንደ ስንዴ ነው የሚበቅለው። ሲያሸት ደርሶ የሚያሳያቸው ሰው ካለ በእጃቸው ነቅለው ይጨርሱታል። በየዓመቱ የማሳያቸው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ሳልደርስ ቀረሁ። ስንዴው ከነሲናሩ ታጨደና ተመለሰባቸው። ምን ብዬ ነው እፊታቸው የምቆመው?»

«ለምን አልደረሱም?» አለ ካሣዬ። «እኔም ገርሞኝ ነበር።»

«መመሪያ ነበራ።»

«የማን መመሪያ?» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እዚያ መኖሬን የረሱ ይመስሉ ነበር።

«ያንቺ ነዋ» አሉ ጋሽ ሁሴኖ፤ ቁጣ የለባቸውም። «ማለቴ ገብረ መድህን ሰጥተውሽ ያነበብሽው። ነዳጅ ለመቆጠብ የዴራ ሁለተኛው ጉብኝት ይቅር የተባለው።»

ትዝ አለኝ። መሪ ከሆንኩ በኋላ ሁለተኛው ስብሰባዬ ነበር። ያንን ሐሳብ የሰጠኝ የለም። እቤቴ ቁጭ ብዬ ራሴ ነው የጻፍኩት። የሚቃወም እንዲቃወም፣ የማላውቀውን እንዲነግሩኝ ነበር። ፊታቸውን ካየሁ ድምፄ ስለሚጠፋ ከወረቀቱ ቀና ሳልል አነበብኩት።

«ያ መመሪያ አልነበረም» አልኩ። «የእኔ ሐሳብ ነው። እናንተ ምን ትላላችሁ ብዬ ነው ያቀረብኩት። ጋሽ ገብረ መድህን አያውቁትም።»



«ካንቺ ነው?» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ከወረቀት ታነቢያለሽ?»

«ስለማፍር።»

ካሣዬ ራሱን ያዘ። «ፈይሩ፣ ከወረቀት የሚያነብ ሰው የራሱን አይናገርም እኮ። የላይኛውን ነው የሚያነበው። እኔ ከበር ቆሜ ስሰማሽ ሚኒስትሩ የላኩት ነበር የሚመስለኝ።»

«ሌላ ሐሳብ ያለው ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር እኮ! ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።»

«እሱማ የስብሰባ መዝጊያ አይደል?» አለ ኤፊ።

እትዬ ተናኘወርቅ ሳቁ። ቀጥሎ ካሣዬ፣ ቀጥሎ ኤፊ ራሱ። ጋሽ ሁሴኖ አልሳቁም። ጋቢውን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው ገለባውን ያዩ ነበር።

«ያኔ ብናገር ኖሮ ትሰሚኝ ነበር?» አሉኝ።

«ለመስማት ነበር የጠየቅኩት።»

«እንግዲያው እኔም ዝም ብያለሁ» አሉ በቀስታ። «የአዴ ፋጡን ስንዴ ሁለታችን ነን ያበላሸነው።»

 «ሁለታችን» ማለታቸው ከምንም በላይ ከበደኝ፤ ደግሞ ቀለለኝም። የተዘጋጀሁበት ንግግር ስላልነበረ ያለኝን ብቻ ተናገርኩ።

«ጋሽ ሁሴኖ፣ ዛሬ ሽኝት አልነበረም። ቀድሜ ነግሬዎታለሁ፤ ግን ሲጀመር ማስቆም ነበረብኝና አላስቆምኩም። ጋሽ ገብረ መድህን ነገ ጠዋት ይሂዱ ወይስ ይቅሩ ይሉኛል። እኔ እንዲቀሩ ነው የምፈልገው። በግድ ግን አላስቀርዎትም። ምን ልበላቸው?»

«ሽኝት አይደለም?» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ። «ታዲያ ጋቢው?»

«ጋቢውን አልመልስም» አሉ ጋሽ ሁሴኖ። ያኔ እሳቸውም ሳቁ። ጥያቄዬን ግን አልመለሱም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትሪው ተገለጠ። ጋሽ ሁሴኖና እትዬ ተናኘወርቅ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በስንቱ ሠርግና ለቅሶ፣ ጎን ለጎን ሁለት ትሪ ላይ ሲበሉ ኖረው ነበርና ካንድ ትሪ ሲቀመጡ መጀመሪያ ሁለቱም እጃቸውን ያዝ አደረጉ። እትዬ ተናኘወርቅ ከምስሩ ጠቅልለው አጎረሷቸው።

«ይኼም መመሪያ ነው?» አሉ ጋሽ ሁሴኖ አፋቸው እንደሞላ።

«ረቡዕን የመረጠችው እሷ ናት» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ። «ይኼኛውን ከወረቀት ሳታነብልን ስላደረገችው ሠምሯል።»

ኤፊ ምንም አልተናገረም። እየበላ ነበር።

ስንመለስ ነፋሱ በርትቶ ስለነበር ጋሽ ሁሴኖ ጋቢውን አላወለቁም። መኪናው ውስጥ ወሬው ደራ፤ ስለ ከረጢቱ ቀለም ሳይቀር ተወራ። ለካ ሐሳቡ ጥሩ አልነበረም። ቀለሙ ዝናብ ሲነካው እንደሚለቅ ኤፊ ከዚህ ቀደም ሞክሮት ያውቅ ነበር። «ታዲያ ለምን ጥሩ ነው አልክ?» ስለው «ቶሎ እንዲያልቅ» አለ።

ኢተያ መገንጠያው ላይ ስንደርስ ካሣዬ መኪናውን ዳር አቆመ። ወደ ግራ አሰላ ነው፣ ወደ ቀኝ ዴራ። አላዘዝኩትም፤ እሱም ለምን እንደቆመ አልተናገረም። በመስተዋቱ አየኝ። እትዬ ተናኘወርቅም፣ ኤፊም አዩኝ። ቀኝ ማለት ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

«ጋሽ ሁሴኖ» አልኩ። «ወዴት እንሂድ?»

እሳቸው ወደ ፊት ብቻ ያዩ ነበር። አንድ የጭነት መኪና አለፈ፣ አንድ ባጃጅ አለፈ።

«ነዳጅ አለህ?» አሉት ካሣዬን።

«ስንቆጥበው የከረምነው አለ» አለ ካሣዬ።

«እንግዲያው ወደ ቀኝ።»

ወደ ዴራ ሲወረድ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። ሹራቤን አወለቅኩ። ጋሽ ሁሴኖ ግን ጋቢያቸውን እንደለበሱ ነበሩ፤ ይመስለኛል ረስተውታል። የአዴ ፋጡ ቤት ከመንገዱ አይርቅም። ከግቢያቸው በር ላይ ቆመው ፍየል ሲያስገቡ አገኘናቸው። ጋሽ ሁሴኖ ከመኪናው ሲወርዱ አዴ ፋጡ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ትክ ብለው አዩአቸው።

«ሁሴኖ!» አሉ በኦሮምኛ። «ወባ ያዘህ እንዴ? በዚህ ሙቀት ጋቢ?»

ጋሽ ሁሴኖ ጋቢውን ከትከሻቸው አውርደው በእጃቸው ያዙ። የያዙትን ንግግር ጋቢው የነጠቃቸው ይመስል ቆሙ። እኔ ወጣ ብዬ ሰላም አልኳቸውና፣ ከቤት ውጭ ብዙ በማልናገርበት በእናቴ ቋንቋ፣ ሁለተኛውን ጉብኝት ያስቀረሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

አዴ ፋጡ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንቺ? ዴራን ታውቂያታለሽ?»

«ወደ አዳማ ሳልፍ በመስኮት አይቻለሁ።»

«እሱ ያውቃታል። እሱ ለምን አልነገረሽም?»

«ትእዛዝ መስሎኝ ነው» አሉ ጋሽ ሁሴኖ።

«አንተ? እኔ ቤት ስትመጣ አፍህ ተዘግቶ አያውቅም!» አዴ ፋጡ ፍየሏን በእግራቸው ወደ ውስጥ ገፋ አደረጓት። «ስንዴውን ለወፍጮ ሸጥኩት። በርግጥ ተናድጃለሁ፤ ዘር ነበራ! ግን ተናድጄ የተኛሁት በስንዴው አይደለም። ሰው መሐል ስጠራህ ጥለኸኝ ሄድክ። እሱ ነው ያናደደኝ።»

ጋሽ ሁሴኖ ይቅርታ ጠየቁ። አዴ ፋጡ ከመኪናው የወረዱትን ሁሉ፣ እትዬ ተናኘወርቅንም፣ ኤፊንም፣ ካሣዬንም አንድ በአንድ አዩ።

«ሲናሩ አሁንም መሬቱ ውስጥ አለ» አሉ በመጨረሻ። «ዘሩን ጥሏል። ዝናቡ ሲመጣ ይበቅላል። ማን ነው የሚመጣው?»

ማንም እኔን አላየም። ሁላችንም ያየነው ጋሽ ሁሴኖን ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሁለቴ።»

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ሁሴኖ ራሳቸው አቶ ገብረ መድህን ቢሮ ገብተው ዝውውሩን እንደተዉት ነገሯቸው። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበረን። ያለ ወረቀት ገባሁ፣ በክረምቱ የዴራን ጉብኝት እንዴት እናድርገው ብዬ ጠየቅኩና ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ተናኘወርቅ ነበሩ።